የመስታወት ሳሎን መጨመር ስንት ይፈጃል? ከጅማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ መጠን ማውጣት ነው። ስንት ብሎኬት፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ቤርጋ ፌሮ እያልኩ ስቆጥር ነው የምውለው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ዓይነት ሥራ በዛ። ሰው ከሳሎኑ ጀርባ ወይም በረንዳው ላይ ሦስት ጎኑ መስታወት የሆነ ክፍል መጨመር ይፈልጋል። ጅማ ላይ ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ዝናቡን እያዩ ቡና መጠጣት ማን ይጠላል? ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ አንድ ላይ መለስኳቸው።

በካሬ ስንት ነው?

ሁሉም የሚጀምረው ከዚህ ነው። «ጋሼ፣ በካሬ ስንት ትለኛለህ?» እኔም ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነው፦ የየቱ ካሬ? የወለሉ ወይስ የመስታወቱ?

ለተለመደ የብሎኬት ቤት በወለል ካሬ መገመት ብዙም አያሳስትም። ግድግዳው፣ በሩ፣ መስኮቱ ከቤት ቤት ስለሚቀራረብ ነው። የመስታወት ክፍል ላይ ግን ብሩ ያለው ወለሉ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ ነው። አንድ ምሳሌ ልያዝና እስከ መጨረሻው እሱን ልጠቀም። ክፍሉ 4 ሜትር በ4.5 ሜትር ነው እንበል። ወለሉ 18 ካሬ ነው። በ4.5 ሜትሩ በኩል ከነባሩ ቤት ጋር ይያያዛል፤ ሦስቱ ጎን መስታወት ይሆናል። የሦስቱ ጎን ርዝመት 4 ሲደመር 4 ሲደመር 4.5፣ ማለትም 12.5 ሜትር ነው። ከፍታውን 2.7 ሜትር ብናደርገው መስታወቱ 34 ካሬ ሊሞላ ምንም አይቀረው። የወለሉ እጥፍ ሊሆን ነው።

አሁን ጎረቤታችሁ ባለፈው ዓመት «በካሬ ይህን ያህል» ብሎ የጨረሰውን የብሎኬት ክፍል ዋጋ አምጥታችሁ በ18 ብታባዙት የት እንደምትወድቁ አስቡት። ቆርቆሮው ላይ ስትደርሱ ብሩ ያልቃል። መስታወቱ ገና አልተነካም።

እሺ፣ ታዲያ ለምን በብር አትነግረንም?

የምነግራችሁ ዋጋ እናንተ እስክታነቡት ስለሚያረጅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ የዶላር የባንክ ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ከ100 ብር በላይ ሄደ። መስታወት፣ የአልሙኒየም ፕሮፋይል (መስታወቱን የሚይዘው የፍሬም ዘንግ)፣ ሲሊኮን፣ የበር እጀታና ማጠፊያ በአብዛኛው ከዶላር ጋር የታሰሩ ናቸው። ብሎኬትና ጠጠር ያን ያህል አይደሉም፤ በነዳጅ በኩል ግን እነሱንም ይነካቸዋል። ስለዚህ የመስታወት ክፍል ከብሎኬት ክፍል ይልቅ ለምንዛሪ የተጋለጠ ነው። ይህ ራሱ አንድ የወጪ መረጃ ነው።

መጠኑ ግን አይለወጥም። 34 ካሬው ዛሬም ከርሞም 34 ካሬ ነው። እዚህ የማወጣላችሁ መጠኑን ነው። ዋጋውን በአንድ ቀን ከሦስት ቦታ ጠይቃችሁ ጎኑ ጻፉ። በተለያየ ሳምንት የተጠየቀ ዋጋ ማወዳደር አይቻልም። ፕሮፎርማ ስትቀበሉ ደግሞ ስንት ቀን እንደሚጸና የተጻፈበትን መስመር ፈልጉ። ካልተጻፈበት አስጽፉ።

መሠረቱና አርማታው ስንት ይወስዳል?

መስታወት ቀላል ይመስላል። ቀላል አይደለም። አንድ ካሬ መስታወት በአንድ ሚሊ ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 6 ሚሊው በካሬ 15 ኪሎ ነው። ለምሳሌያችን ክፍል ግማሽ ቶን መስታወት ማለት ነው። ድርብ ካደረጋችሁት አንድ ቶን።

ግን መሠረቱን የሚያስወድደው ክብደቱ አይደለም። ብሎኬት ከዚህ የበለጠ ይከብዳል። የሚያስወድደው መስታወት ንቅናቄ አለመቻሉ ነው። የብሎኬት ግድግዳ መሠረቱ ትንሽ ቢሰምጥ ይሰነጠቃል፣ ይለሰናል፣ ያልፋል። የመስታወት በር ግን አይዘጋም፤ ወይም መስታወቱ አንድ ሌሊት ጧ ይላል። ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ወደ ቦዬ ረግረግ የሚወርደው ዝቅተኛ ቦታና ጂረን ከፍታ ላይ ያለው ቦታ አንድ ዓይነት ቁፋሮ አይጠይቁም። ስለዚህ ቁፋሮው ላይ «ይሄ ይበቃል» ለሚል ሰው ጆሮ አትስጡ። ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ይቆፈር። የጎደለው በገረጋንቲ (ጠጠር የበዛበት አፈር) እየተረገጠ ይሞላ።

ለምሳሌው ክፍል ግምቴ እንዲህ ነው። ትክክለኛውን ልክ የሚወስነው መሐንዲሱ ነው። አራት ፉቲንግ (ምሰሶው የሚቆምበት የመሠረት አርማታ)፣ እያንዳንዱ 1.2 በ1.2 ሜትር፣ ውፍረቱ 30 ሳንቲም፦ 1.7 ሜትር ኩብ። ግሬድ ቢም (ምሰሶዎቹን ከታች የሚያስተሳስረው አግዳሚ አርማታ) በአራቱም ጎን 17 ሜትር፣ 25 በ40 ሳንቲም፦ 1.7። አራት ኮለን (ምሰሶ)፣ 25 በ25፣ ከፉቲንግ እስከ ላይ 4 ሜትር፦ 1። የላይ ቢም፣ 25 በ30፦ 1.3። የወለል አርማታ፣ 10 ሳንቲም፦ 1.8። ሲደመር 7.5 ሜትር ኩብ ነው። ሲ-25 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ያለው አርማታ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይወስዳል። ስለዚህ 27 ኩንታል ሲሚንቶ። የድንጋይ ግንብ፣ ልስንና የወለል ማንጠፊያው ከዚህ ውጪ ነው። ዋጋ ስትጠይቁ የኩንታል ነው ወይስ የባለ 50 ኪሎ ከረጢት የሚለውን አጣሩ። እዚህ ላይ ግማሽ በግማሽ የተሳሳተ ሰው አይቻለሁ።

ለፌሮ፣ ከወለሉ ውጪ ላለው አርማታ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ገደማ ብላችሁ ያዙ። ወደ 6 ኩንታል ይሆናል። ባለ 12 ሚሊ ፌሮ አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ነው፤ ክብደቱ 10.7 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። የተወሰኑትን መዝኑ። በጣም ከቀለለ 12 ሚሊ ብለው የሸጡላችሁ 12 ሚሊ አይደለም።

አሸዋው ላይም አንድ ነገር። ጅማ ላይ አሸዋ ከሩቅ ስለሚመጣ ከዋጋው ብዙው የመኪና ነው። አፈር የበዛበት አሸዋ ከሆነ ለአፈር የመኪና ኪራይ ከፈላችሁ ማለት ነው። በብርጭቆ ውኃ አሸዋ ጨምራችሁ በጥብጡና አሳድሩት። ከላይ የሚተኛው ደቃቅ አፈር ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል።

ቤቴ የጭቃ ነው። የመስታወት ክፍል ማያያዝ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ቤቱ ላይ እንዳይንጠለጠል። አዲሱ ክፍል በራሱ አራት ኮለን ይቁም። አሮጌውን ቤት ተደግፎ ሦስት ጎን ብቻ ሲሠራ ሁለት ኮለን ይቀንሳል፤ ያ ቁጠባ ግን ውድ ነው። የጭቃ ቤት በእርጥበትና በድርቀት ይንቀሳቀሳል፤ አርማታው አይንቀሳቀስም። በመካከላቸው ሁለት ሳንቲም ያህል ክፍተት ይተውና በሚለጠጥ ነገር ይሸፈን።

ለብሎኬት ቤትም የሚረሳ ወጪ አለ። ከሳሎን ወደ አዲሱ ክፍል መግቢያ ለመክፈት ነባሩ ግድግዳ ይፈርሳል። ሰፊ መግቢያ ከተፈለገ ከላዩ የሚሸከም ቢም ያስፈልጋል። ቢሙ እስኪደርቅ ደግሞ ጣራው በባህር ዛፍ ይደገፋል። ማፍረስ፣ መደገፍ፣ ቢም፣ ፍርስራሽ ማስነሳት። አራት መስመር ነው። ብዙ ፕሮፎርማ ላይ አንዱም የለም።

አልሙኒየም ቤቱ በካሬ አንድ ዋጋ ነገረኝ። ምን ምን ይይዛል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ያ የካሬ ዋጋ ብዙ ጊዜ ፕሮፋይሉንና መስታወቱን ይይዛል። የቀረውን እየጠቀሳችሁ ጠይቁ። መግጠሚያ አለበት? ሲሊኮኑና ጎማውስ? የበሩ ቁልፍ፣ እጀታ፣ ማጠፊያ የየትኛው ደረጃ ነው? ተንሸራታቹ በስንት ጎማ ነው የሚሄደው? የትንኝ ወንፊት አለው? መኪናውና ማውረጃው የማን ነው? ሲወርድ ቢሰበርስ? ቫት አለበት? ቫት 15 በመቶ ነው። ያለ ቫት 400 ሺህ ብር የተባለ ሥራ ከነቫቱ 460 ሺህ ነው። ሁለት ፕሮፎርማ አንዱ ከነቫቱ አንዱ ያለ ቫት ሆኖ «ይሄኛው ረከሰ» የሚል ሰው ሞልቷል።

ሁለተኛው ነገር፣ የፕሮፋይሉ ዓይነት ነው። አልሙኒየም በመልኩ አይለይም። ስስና ወፍራም ፕሮፋይል ቀለም ከተቀባ በኋላ ከሩቅ አንድ ነው። ቁራጭ አስቆርጡና ጫፉን ለኩ። ስንት ሚሊ እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። ለትንሽ መስኮት የሚበቃው ለ2.7 ሜትር ከፍታ አይበቃም፤ ነፋስ ሲመታው ይረግባል።

ሦስተኛው ልኬት ነው፤ እኔ የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ፕሮፋይል ብዙውን ጊዜ በ6 ሜትር ዘንግ ይመጣል። ከፍታችሁ 2.7 ከሆነ ከአንድ ዘንግ ሁለት ቋሚ ይወጣል፤ 60 ሳንቲም ይተርፋል። ከፍታውን «ትንሽ ይግዘፍ» ብላችሁ 3.1 ካደረጋችሁት ከአንድ ዘንግ አንድ ቋሚ ብቻ ይወጣል። 2.9 ሜትር ይተርፋል፤ ለአግዳሚ ካልዋለ ከፍላችሁበት መጣያ ይገባል። 40 ሳንቲም ከፍታ ለቋሚዎቹ የሚገዛውን ዘንግ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው። መስታወቱም እንዲሁ ነው። ሻጩን የሙሉውን መስታወት ልክ ጠይቁ። ለምሳሌ 1.83 በ2.44 ሜትር ከሆነ 2.7 ከፍታ በአንድ ቁራጭ አይገኝም። ታች 2 ሜትር፣ ላይ 60 ሳንቲም፣ ቀሪው ለፕሮፋይሉ ተብሎ በአግዳሚ ይከፈላል። ፕላኑ ላይ ከመሣላችሁ በፊት ይህን ካወቃችሁ መሐንዲሱም እናንተም ትርፍ አትከፍሉም።

ተከፋች በበዛ ቁጥር ዋጋ ይጨምራል። ከሁሉም የሚረክሰው የማይከፈተው መስታወት ነው። ተንሸራታች ይከተላል። ተጣጣፊው በር ከሁሉም ይወደዳል። ሦስቱም ጎን መከፈት አለበት ያለው ማነው? በሁለት ተቃራኒ ጎን አንድ አንድ ተከፋች ካለ ነፋሱ ያልፋል።

የትኛው መስታወት ይሻለኛል?

በሩና ከወለል ጀምሮ የሚነሳው መስታወት ቴምፐርድ (በእሳት ተጠብሶ የጠነከረ) ይሁን። ልጅ ያለበት ቤት ላይ ክርክር የለውም። ሲሰበር እንደ ቢላ ሳይሆን እንደ ጠጠር ይረግፋል። ከራስ በላይ የሚገባ ማንኛውም መስታወት ላሚኔትድ (በፕላስቲክ የተጣበቀ ድርብርብ መስታወት) ይሁን፤ ቢሰበር እንኳ መካከሉ ያለው ፕላስቲክ ይይዘዋል። ላሚኔትድ ለሌባም ያስቸግራል። ስለዚህ የብረት ፍርግርግ ዋጋ ስታስቡ ከእሱ ጋር አወዳድሩት። በመስታወት ክፍል ላይ ፍርግርግ መግጠም ሠርገኛን በጆንያ እንደመሸፈን ነው፤ ግን የሰፈራችሁን እናንተ ታውቃላችሁ።

ድርብ መስታወት ለጅማ? ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ለብርድ ብላችሁ ከሆነ እኔ አላወጣም። ለመንገድ ጩኸት ከሆነ አስቡበት።

ቴምፐርድ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከተጠበሰ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ልኩ የሚወሰደው ልስን ካለቀ በኋላ ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ቤት ነው። ሠራተኛው «ልስኑ ይለቅ» ብሎኝ ነበር። ቸኮልኩና ከልስን በፊት አስለካሁ። ሁለት መስታወት 1.5 ሳንቲም ሰፍተው መጡ። ለሰው መጠን የማወጣ ሰውዬ! አንዱ አሁን የልጆቼ ማጥኛ ጠረጴዛ ነው፤ ሌላኛው እስከ ዛሬ መጋዘን ቆሟል።

ከአዲስ አበባ ባስመጣው አይረክስም?

አንዳንዴ ይረክሳል። ግን ሒሳቡን እስከ ግቢያችሁ በር ድረስ ያዙት። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ የጊቤን ገደል ወርዶ ይወጣል። መስታወት ተኝቶ አይጫንም፤ በእንጨት ደገፋ ላይ ቆሞ ነው የሚጓዘው። ለመስታወት ያልተዘጋጀ አይሱዙ ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር ተደርቦ ከመጣ የስብራቱ ዕጣ የእናንተ ነው። አንድ ቴምፐርድ ሲሰበር ሌላ ለማሠራት ሳምንታት ይሄዳሉ። ሠራተኛ በዚያ ጊዜ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ከጅማም ከአዲስ አበባም ዋጋ ውሰዱ። ከሁለቱም «ተገጥሞ፣ ተጠርጎ፣ ስብራቱ በናንተ» የሚል ዋጋ ጠይቁ። ልዩነቱ ከጠበበ የጅማውን ያዙ። እጀታው ሲሰበር ወይም በሩ ሲንከራፈፍ ባጃጅ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው።

ጣራውንም መስታወት ላደርገው?

ያምራል። እኔ ለራሴ አላደረግኩትም።

ጅማ ላይ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል። አንድ ካሬ ጣራ 1,500 ሊትር ይቀበላል። 18 ካሬው በዓመት 27 ሺህ ሊትር ነው፤ ባለ ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ 13 ጊዜ ተኩል ይሞላል። በዚያ ላይ የነባሩ ቤት ጣራ ወደ አዲሱ የሚያዘነብል ከሆነ የእሱንም ጨምሩ። 40 ካሬው ወደዚህ ከፈሰሰ በጠቅላላው 58 ካሬ ነው። በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ቢዘንብ 2,900 ሊትር በአንድ አሸንዳ ይመጣል። ቀጭን አሸንዳ አይችለውም። የሚተርፈው ውኃ የሚገባው ደግሞ በሁለቱ ጣራ መጋጠሚያ በኩል ነው፤ ሳሎናችሁ ውስጥ።

ስለዚህ የሁለቱ ጣራ መጋጠሚያ አሸንዳ ላይ አትቆጥቡ። ሰፊ ይሁን፣ ወፍራም ላሜራ ይሁን፣ ሁለት መውረጃ ይኑረው። አንዱን ቅጠል ቢዘጋው ሌላው ይሠራል። ከክፍሉ ወጪ ትንሿ መስመር ናት፤ ብዙ ጸጸት የሚመጣው ግን ከእሷ ነው።

መስታወት ጣራ ካላችሁ ግን ቢያንስ 15 ዲግሪ ያዘንብል፤ በአንድ ሜትር 27 ሳንቲም መውረድ ማለት ነው። ላሚኔትድ ይሁን። የሚሸከመው ቱቦላሬ (ባዶ የብረት ዘንግ) በመሐንዲስ ይሰላ፤ የሚወጣበትና የሚያጥበው ሰው ክብደትም ይታሰብ። መካከለኛ መንገድም አለ። ጣራውን ቆርቆሮና ኮርኒስ አድርጋችሁ መካከሉ ላይ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሚሆን የብርሃን መስኮት መተው። ብርሃኑ ይበቃል፤ ወጪው በብዙ ይወርዳል።

ክፍሉ በሙቀት አያቃጥልም?

በየት በኩል እንደተከፈተ ይወስነዋል። ጅማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7.7 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናት። ሰኔ ላይ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን 16 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ታኅሣሥ ላይ ወደ ደቡብ 31 ዲግሪ። በሁለቱም ጊዜ ቀትር ላይ ከፍ ብላ ስለሆነ የጣራ ክፈፍ (ከግድግዳው ወጣ ያለው የጣራ ጠርዝ) ያጠላታል። የ90 ሳንቲም ክፈፍ በታኅሣሥ ቀትር የደቡቡን መስታወት የላይኛውን 1.5 ሜትር ይከልላል። የምዕራብ ፀሐይን ግን ክፈፍ አይከልላትም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በቀጥታ ፊት ለፊት ትገባለች።

በወጪ ስናየው፦ የምዕራቡን ጎን ብሎኬት አድርጉት። 4 ሜትር በ2.7 ነው፤ 10.8 ካሬ መስታወት ይቀንሳል። በምትኩ 135 ብሎኬት ይገባል፣ ስብራቱን ጨምራችሁ 145። ያንን ጎን መስታወት አድርጋችሁ ኋላ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ፊልም፣ ወፍራም መጋረጃና ቬንትሌተር ከምትገዙ ይሻላል። የምሥራቁ መስታወት ግን ይቆይ። ጅማ ላይ የጠዋት ፀሐይ ስጦታ ናት።

መጋረጃ ካልኩ አይቀር፦ 12.5 ሜትር መስኮት ለመሸፈን እጥፋቱ ሲታሰብ 25 ሜትር ጨርቅ ይፈልጋል። ማንም አይቆጥረውም። ማታ መብራት ሲበራ ከውጪ ሁሉ ነገር ስለሚታይ በመጀመሪያው ሳምንት ይገዛል።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

አዎ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን ምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ከፍሎ ነበር፤ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ምድብ ሀ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። አሁን የሚሠራበትን ማዘጃ ቤት ይነግራችኋል። ካርታችሁንና ፕላናችሁን ይዛችሁ ማዘጃ ቤት ሂዱ። ወደ ጎረቤት የሚያይ መስታወት ካለ ከወሰኑ ስንት መራቅ እንዳለበት እዚያው ጠይቁ። የፕላን፣ የመሐንዲስና የፈቃድ ወጪ ግምቱ ውስጥ የመጀመሪያው መስመር ይሁን።

መቼ ብጀምር ይረክሳል?

ቁፋሮ በበጋ ነው፤ ከኅዳር በኋላ። በክረምት የተቆፈረ ጉድጓድ ውኃ ይሞላል፣ ጎኑ ይናዳል፣ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል። ግን የኅዳር ችግርም አለው። ቡና ለቀማ ሲደርስ የቀን ሠራተኛ ይሳሳል፤ የተገኘውም ዋጋውን ያውቃል። ቡና የሸጠ ሰው ሁሉ ደግሞ ግንባታ የሚጀምረው ያኔ ነው። ከቻላችሁ ከጥር መግቢያ ጀምሩ። አርማታው በደንብ ውኃ ይጠጣ፤ ቢያንስ ሰባት ቀን። ጣራውና አሸንዳው መጋቢት ሳያልቅ ይግባ። መስታወቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ሙሉ ኮንትራት ልስጥ ወይስ የእጅ ዋጋ ብቻ?

ጊዜ ካላችሁና ሳይት ላይ መዋል ከቻላችሁ መሠረቱንና አርማታውን በእጅ ዋጋ አሠሩ፤ ዕቃ ራሳችሁ ግዙ። መስታወቱን ግን ለያይታችሁ አትስጡ። ፕሮፋይል ከአንዱ፣ መስታወት ከሌላው፣ መግጠሚያ ከሦስተኛው ከሆነ ውኃ ሲገባ ሦስቱም ጣታቸውን እርስ በርስ ይቀስራሉ። እናንተ መወልወያ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ቀብድ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ከ30 በመቶ በላይ የሚጠይቅ ካለ ለምን እንደሆነ ያስረዳ። ለመስታወት ማዘዣ ከሆነ ልኩና ዓይነቱ በተጻፈበት ደረሰኝ ይሁን። ከጠቅላላው 5 በመቶ የመጀመሪያው ክረምት እስኪያልፍ በመያዣ ይቆይ። ነሐሴን ያለ ማፍሰስ ያለፈ መጋጠሚያ ጥሩ መጋጠሚያ ነው። ውሉ በጽሑፍ፣ በምስክር ይሁን፤ ወንድማችሁም ቢሆን።

መጠባበቂያ ስንት ልያዝ?

ለአዲስ ቤት 10 በመቶ ይባላል። ነባር ቤት ላይ ለሚያያዝ ክፍል 15 ያዙ። የጭቃ ቤት ከሆነ 20። ግድግዳ ሲፈርስ ውስጡ ምን እንዳለ የሚታወቀው ያኔ ነው።

በጣም በዛብኝ። ከየት ልቀንስ?

ከመሠረቱ አይደለም፤ ከአሸንዳውም አይደለም። ከመስታወቱ ካሬ ቀንሱ። ከታች 60 ሳንቲም ብሎኬት አንሱ። በ12.5 ሜትሩ ላይ 7.5 ካሬ መስታወት ይቀንሳል፤ የሚገባው 95 ያህል ብሎኬት ብቻ ነው። ተቀምጣችሁ ስትመለከቱ ምንም አይጎድልባችሁም፤ እንዲያውም ሶፋው ጀርባውን የሚያስጠጋበት ያገኛል። ከዚያ ተከፋቾቹን ቀንሱ። ከዚያ የምዕራቡን ጎን። ሦስቱንም ካደረጋችሁ መስታወቱ ከ34 ካሬ ወደ 18 ካሬ ይወርዳል። ክፍሉ አሁንም የመስታወት ክፍል ነው።

ከተሠራ በኋላስ ወጪ አለው?

አለው። የመስታወቱ ሲሊኮን በየጊዜው ይታያል፤ የተላቀቀው ይተካል። አሸንዳው ክረምት ሳይገባ ይጠረጋል። ለእጥበቱ ደግሞ ከአሁኑ ውጪ ግድግዳ ላይ አንድ የቧንቧ መውጫ አስገቡ። ቱቦው ሲቀበር ምንም አይጨምርም፤ ወለሉ ካለቀ በኋላ ግን ሴራሚክ ይፈርስበታል።